በአምስት ተኩል የተሰማ ጩኸት

አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ የትርጉም ቢሮ፣ ከቀትር በኋላ፤ ኩባ ያደገው የስፓኒሽ ተርጓሚ አቶ ዘርጋውና ከኮልፌ የመጡት ወይዘሮ ደብሪቱ አንድ ወረቀት በመካከላቸው አስቀምጠው ይከራከራሉ።

ደብሪቱ፦ ነገ አይሆንም አልኩዎ እኮ። ነገ ለእኔ የፍርድ ቀን ነው። አሁኑኑ ያንብቡልኝ።

ዘርጋው፦ እናቴ፣ የፖሊስ ወረቀት በችኮላ አይተረጎምም። ማኅተሜ የሚያርፍበት ነገር ነው። ነገ ከሰዓት ይምጡ፣ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ተፈርሞ ይጠብቅዎታል።

ደብሪቱ፦ ማኅተምዎን ለፍርድ ቤት ያቆዩት። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጄ ምን አደረገች? እሱን በአፍዎ ይንገሩኝና እነሳለሁ።

ዘርጋው፦ ልጅዎ ማን ናት?

ደብሪቱ፦ ምንትዋብ ትባላለች። ስፔን ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ያረጁ ሴት ትንከባከባለች። የልጄ ስም ይኸው እላዩ ላይ አለ። ከሥሩ ደግሞ የፖሊስ ምልክት።

ዘርጋው፦ ታዲያ ለምን ደውለው ራሷን አይጠይቋትም? ከእኔ እሷ አትቀርብም?

ደብሪቱ፦ ጠፋችብኝ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጠብቃ የምትደውል ልጅ፣ ይኸው ሁለት እሑድ ዝም። እኔም አልደወልኩላት። ምን ብዬ? «ልጄ፣ ተዋረድሽ ወይ?» ልበላት? ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ፈራሁ፣ አቶ ዘርጋው። በዚህ ዕድሜዬ የወለድኳትን ልጅ ድምፅ ፈራሁ።

ዘርጋው፦ ማነው ተዋረደች ያለዎት?

ደብሪቱ፦ የጎረቤቴ የአልጣሽ ልጅ። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፣ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ከምንትዋብ ጋር አብራት የምትኖረው፣ ለአገሩ አዲስ የሆነችው ልጅ ይህን ወረቀት በስልክ ላከችላት፤ «መልስ መስጠት አለብን ወይ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቂልን» ብላ። የአልጣሽ ልጅ ስፓኒሹን ከየት ታምጣው? አንዲት ቃል ብቻ ለየች። ይቺን፣ ጣቴን ያሳረፍኩባትን። «ስካንዳል ይላል» አለች። ምን ማለት ነው ስላት ዓይኗን ሰበረች። «ቅሌት ነው፣ እማማ። የሰው ነውር አደባባይ ሲወጣ ነው» አለችኝ። ከዚያ በግድ አሳተምኳትና መጣሁ።

ዘርጋው፦ ይህን የሰማ ሌላ ሰው አለ?

ደብሪቱ፦ ያልሰማ አለ ወይ ብለው ይጠይቁኝ። ወንድሜ እንኳ ሰምቷል። ከደብረ ሲና፣ ለፋሲካ ለምኜው የማይመጣ ሰውዬ፣ ትናንት ጋቢውን ለብሶ ከች አለ። የነፍስ አባታችንም ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ጓዳ ውስጥ ሆነው ይንሾካሾካሉ፣ እኔ ስገባ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። ማታ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ እያጎረሰ አበላኝ። «ብዪ፣ ሰውነትሽ ይጽና። ነገ ጠዋት ቁጭ ብለን እናወራለን» አለኝ። ገባኝ። በልጄ ላይ የዘመድ ጉባኤ ሊቀመጡ ነው።

ዘርጋው፦ ያው ለማማከር ይሆናል።

ደብሪቱ፦ ለመፍረድ ነው እንጂ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለው ሊፈርዱባት ነው። እኔ ደግሞ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ብዬ ነው የመጣሁት። ጥፋቷን ካወቅሁ ከፊቷ ቆሜ እመልስላታለሁ። ካላወቅሁ በምን አፌ? የባሰብኝን ልንገርዎ?

ዘርጋው፦ ይንገሩኝ።

ደብሪቱ፦ እድሩ። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞትበት መርዶ ለማርዳት የሚጠሩት እኔን ነው። ሃያ ዓመት ከሴቶቹ ፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ትናንት ሱቅ በር ላይ የእድራችን አጸደና ጓደኞቿ «ነገ በማለዳ እንሰባሰብ» ሲባባሉ ደረስኩ። ለማን ነው ብላቸው፣ አንዷ እግሯን አየች፣ አንዷ ሰማይ አየች። ተበታተኑ። አልጠሩኝም። የልጇ ቅሌት ያልደረቀላት ሴት የሰው ሐዘን ቤት አትገባም ማለታቸው ነው። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ዘርጋው፦ በሉ ይምጣ ወረቀቱ። ማኅተሙ ይቆይ። መነጽሬን ብቻ ላድርግ።

ደብሪቱ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀስ ብለው ያንብቡት። ግን አይዋሹኝ።

ዘርጋው፦ መጀመሪያ ያቺን ቃል እንገላግላት። የአልጣሽ ልጅ አልተሳሳተችም፣ እንግሊዝኛውን ነው ያነበበችው። በእንግሊዝኛ ስካንዳል ማለት ያለችው ነው፤ ነውር ሆኖ የተገለጠ ነገር፣ ሰው በጆሮ የሚቀባበለው። የስፔኑ ግን ኤስካንዳሎ ነው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ጠባያቸው ለየቅል።

ደብሪቱ፦ እህትማማች ሆነው አንዷ ጨዋ አንዷ ባለጌ እንደሚባለው?

ዘርጋው፦ እንደዚያ ይበሉት። በስፔኑም ቅሌት የሚለው ትርጉም አለ፣ አልክድም። ግን ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲንጫጫ፣ ጎረቤት ሙዚቃ ሲያስጮህ «ምን ዓይነት ኤስካንዳሎ ነው!» ይላሉ። ጫጫታ ማለታቸው ነው። የእንግሊዙ በሹክሹክታ ነው የሚኖረው፣ የስፔኑ ግን ጆሮ ያደነቁራል።

ደብሪቱ፦ ይህንን ከመጽሐፍ ነው የሚያውቁት ወይስ ከሰው?

ዘርጋው፦ ከሰው። የዘማች ልጆች ተብለን ወደ ኩባ ስንላክ አሥር ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን መኝታ ቤት ውስጥ ጮኼ አለቀስኩ። ሞግዚቷ በሩን በርግዳ ገባችና «ኬ ኤስካንዳሎ!» አለችኝ። ያቺን ቃል የተማርኩት ያን ቀን ነው። ቅሌት ምን እንደሆነ እንኳ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ።

ደብሪቱ፦ ለምን አለቀሱ?

ዘርጋው፦ ልጅ ነበርኩ አልኩዎ እኮ። ይልቅ ወረቀቱን እንይ። ይኸውና፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ተከራይ ምንትዋብ። ከሥር ያሉ ነዋሪ ባቀረቡት አቤቱታ መሠረት፣ ከቤቱ ከባድ ኤስካንዳሎ በመሰማቱ...» አዩ? ጫጫታ ነው። ክስም አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛ እንዳትረብሹ ነው የሚለው።

ደብሪቱ፦ ጫጫታ ብቻ?

ዘርጋው፦ ጫጫታ ብቻ።

ደብሪቱ፦ ወንድ የለበትም? ስርቆት የለበትም? ልብስ ማውለቅ፣ መጠጥ?

ዘርጋው፦ እስካሁን የለበትም።

ደብሪቱ፦ እሰይ። እሰይ የኔ ልጅ። አየሽ አልጣሽ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በስንት ሰዓት ነው ጫጫታው?

ዘርጋው፦ «በአምስት ተኩል» ይላል።

ደብሪቱ፦ ከምሽቱ አምስት ተኩል? ይቺ ልጅ ድሮም ሳቅ ስትጀምር አታቆምም። ጓደኞቿን ሰብስባ ጨፍራ ይሆናል። እንዴት አድርጌ እንደምገስጻት... ምን እያዩ ነው?

ዘርጋው፦ እያነበብኩ ነው።

ደብሪቱ፦ ጮክ ብለው ያንብቡት እንጂ፣ ከንፈርዎ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ዘርጋው፦ የሕግ ቋንቋ ነው፣ አሰልቺ ነገር። አንቀጽ፣ ቁጥር...

ደብሪቱ፦ ይህን ሁሉ ያህል አንቀጽ? ገጹ ሙሉውን የሰው ወሬ ይመስላል።

ዘርጋው፦ ልደት ነው። አዎ። ልደት አክብረው ነው። ዘፍነው፣ ጨፍረው፣ ጎረቤት ተቆጥቶ ፖሊስ ጠራ። በቃ። ወረቀቱን እዚህ ይተዉልኝ፣ እኔ መልሱን ጽፌ እልክላቸዋለሁ። እርስዎ ቤትዎ ይግቡ፣ እናቴ። ሰው ይጠብቅዎታል።

ደብሪቱ፦ የማን ልደት? የእሷ ጥር ላይ ነው።

ዘርጋው፦ የጓደኛዋ ይሆናል። አይልም።

ደብሪቱ፦ ተመስገን። ተመስገን አምላኬ። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነው ያነሱልኝ። ቆይ ስልኬ የት ገባ? አሁኑኑ ነው የምደውልላት። «አንቺ ጨፋሪ፣ እናትሽን በሁለት ሳምንት አስረጀሻት» ነው የምላት።

ዘርጋው፦ አይደውሉላት።

ደብሪቱ፦ ለምን?

ዘርጋው፦ አሁን ሥራ ላይ ናት።

ደብሪቱ፦ አሮጊቷ በዚህ ሰዓት ይተኛሉ፤ ሁልጊዜ የምታወራኝ እሳቸው ሲተኙ ነው። ይኸው አገኘሁት፣ ምንትዋብ ይላል።

ዘርጋው፦ እትዬ ደብሪቱ፣ እባክዎ። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ። ስልኩን ያስቀምጡት።

ደብሪቱ፦ ምን ሆኑ? እጄን ለቀቅ ያድርጉኝ።

ዘርጋው፦ ይቅርታ። መያዜንም አላወቅኩም።

ደብሪቱ፦ እጅዎ በረዶ ነው። ግንባርዎ ደግሞ ላብ በላብ። ልደት ያነበበ ሰው እንዲህ ያልበዋል?

ዘርጋው፦ ክፍሉ ይሞቃል።

ደብሪቱ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አቶ ዘርጋው፣ አምስት ተኩል ያሉኝ በማን ሰዓት ነው?

ዘርጋው፦ ወረቀቱ ላይ እንዳለው ነዋ።

ደብሪቱ፦ ወረቀቱ የማን ነው? የፈረንጅ አይደለም? እኔና ምንትዋብ ስድስት ዓመት በሰዓት ስንጣላ የኖርን ነን። እሷ «በአራት እደውላለሁ» ትላለች፣ እኔ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እጠብቃለሁ፣ ስልኩ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ አይሸውዱኝ። አምስት ተኩል በእነሱ ከሆነ፣ በእኛ ስንት ነው?

ዘርጋው፦ አሥራ አንድ ተኩል።

ደብሪቱ፦ የማታ ነው የንጋት?

ዘርጋው፦ የንጋት።

ደብሪቱ፦ በንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ልደት የሚያከብር ሰው አለ?

ዘርጋው፦ እናቴ፣ እኔ እንጀራዬ ቃል መገልበጥ ነው። የዚህ ወረቀት ቃል ግን ከእኔ አፍ መውጣት የለበትም። ቤትዎ ወንድምዎ አሉ፣ ቄሱ አሉ...

ደብሪቱ፦ እነሱማ ወረቀት የላቸውም። ያንብቡት። አንዲት ቃል ሳይዘልሉ። አለበለዚያ ደውዬ እጠይቃታለሁ፤ ይኸው ጣቴ ስልኩ ላይ ነው። የቱ ይሻላል?

ዘርጋው፦ አይደውሉ። አነባለሁ። የሥር ጎረቤቷ የሰጡት ቃል ነው፤ የሰባ ዓመት ሴት ናቸው። «ከንጋቱ በፊት በደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ብዙ ሰው ነው፣ ግን አንድም ሰው አያወራም። ሌባ መስሎኝ በበሩ ቀዳዳ አየሁ።»

ደብሪቱ፦ ቀጥል።

ዘርጋው፦ «ሰባት ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ነጭ ስስ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ከፊት አንድ ሸምገል ያለ ሰው ይሄዳል፤ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ከኋላ ያለችው ሴት...»

ደብሪቱ፦ ውሃ ይዛለች።

ዘርጋው፦ «...የውሃ ጠርሙስ ይዛለች።» እንዴት አወቁ?

ደብሪቱ፦ ቀጥል ወንድሜ።

ዘርጋው፦ «ደወሉን አልደወሉም። ሽማግሌው በሩን...»

ደብሪቱ፦ በጣቱ ቆረቆረ። ደወል ያስደነግጣላ። ቀስ አድርጎ በጣቱ። እሷም ሥራ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ሻይ እንኳ አልጠጣችም። ገቡ፣ «እንደምን አደርሽ» አሏት፣ ተቀመጡ። እሷ ቆማ ቀረች።

ዘርጋው፦ «ለሁለት ደቂቃ ያህል ምንም ድምፅ አልነበረም» ይላል።

ደብሪቱ፦ ሽማግሌው ነዋ። ቃሉ አልወጣ ብሎት ነው። ሁልጊዜ አልወጣ ይላቸዋል። ከዚያስ?

ዘርጋው፦ «ከዚያ አንድ ጩኸት ተሰማ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ወለሉ ተመታ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፣ ዘፈን ይመስላል ግን ዘፈን አይደለም። ይህ ኤስካንዳሎ እስከ ረፋድ ቀጠለ።» ከሥሩ የፖሊሱ ቃል ነው፦ «ስንደርስ አልጋና ወንበሩ ወጥቶ ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። የቤቱ ተከራይ መናገር አልቻለችም። ሁለት ሴቶች...»

ደብሪቱ፦ ወገቧን ይዘዋታል። አንዷ ደግሞ ፊቷን እንዳትቧጭር እጇን። እኔም እንደዚያ ነው የማስይዘው። አቶ ዘርጋው፣ ይሄ ቅሌት አይደለም። ጫጫታም አይደለም። ይሄ መርዶ ነው።

ዘርጋው፦ አዎ። መርዶ ነው።

ደብሪቱ፦ ልጄን አረዷት። በሰው አገር፣ በጨለማ ደረጃ ወጥተው፣ እንደ ወጉ አረዷት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ቅሌት ብዬ አማኋት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን ስታለቅስ እኔ ስሟን በሆዴ ሳጎድፍ። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ዘርጋው፦ አላወቁም። ማን ነግሮዎት?

ደብሪቱ፦ ማንን ነው የተረዳችው?

ዘርጋው፦ አይልም።

ደብሪቱ፦ እንቁጠር። አባቷ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። እኔ ይኸው እዚህ ተቀምጫለሁ። አጎቷ ትናንት በእግሩ ገባ። አክስት የላት፣ አያት የላት።

ዘርጋው፦ የሥራ ጓደኛዋ ሊሆን ይችላል። የቅርብ ወዳጅ...

ደብሪቱ፦ ለወዳጅ ወገብ አይያዝም።

ዘርጋው፦ እናቴ፣ አይቁጠሩ። ይተዉት።

ደብሪቱ፦ ወንድም አላት። ናሁሰናይ። ታናሿ ነው። ቅየሳ ተምሮ ተመርቆ ሦስት ዓመት ሥራ አጣ። «እህቴ ጋ ልሂድ፣ አትከልክይኝ» ብሎ ወጣ። ሞሮኮ ደረስኩ ካለኝ ሦስት ሳምንቱ ነው። «ከዚህ በኋላ ባሕር ብቻ ነው የቀረኝ፣ እማ፤ ወዲያ ማዶ መብራቱ ይታያል» አለኝ። ከዚያ ጠፋ። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? የእህቱን ቅሌት ሰምቶ አፍሮ ነው የጠፋው አልኩ።

ዘርጋው፦ በቃ፣ ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ፎቶ አለ?

ዘርጋው፦ የምን ፎቶ?

ደብሪቱ፦ ለቅሶ ቤት የሟች ፎቶ ይቀመጣል። ፖሊሱ ዓይን የለውም? የወንበሩን መውጣት የጻፈ ሰው ፎቶውን አይዘለውም።

ዘርጋው፦ አልጻፈም።

ደብሪቱ፦ መነጽርህን አወለቅክ። ልደት ነው ስትለኝም አውልቀህ ነበር። አድርገውና አንብበው።

ዘርጋው፦ ይማሩኝ፣ እትዬ ደብሪቱ። እለምንዎታለሁ።

ደብሪቱ፦ አንብበው አልኩህ።

ዘርጋው፦ «መስኮቱ ሥር፣ ሻማ በርቶለት፣ የአንድ ወጣት ፎቶ ነበር። የምርቃት ልብስ ለብሷል። ባርኔጣው ሰፍቶት አንድ ጆሮውን ሸፍኖታል።»

ደብሪቱ፦ ሰፍቶት ነበር።

ዘርጋው፦ እናቴ...

ደብሪቱ፦ የውሰት ነበር ልብሱ። ለእሱ ልክ የሚሆን ባርኔጣ አልቀረም ነበር፤ ትልቁን ሰጡት። ፎቶ አንሺው «አቃናው» ሲለው፣ እሱ ስቆ ጭራሽ ወደ ጆሮው አወረደው። ሰፍቶት ነበር።

ዘርጋው፦ ይጩሁ እናቴ። በሩን እዘጋለሁ፣ ደንበኛ አላስገባም። ማንም አይናገርዎትም። ይጩሁ።

ደብሪቱ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔ ደግሞ ፍርሃቴን በማይሆን ቦታ አስቀመጥኩት። ለስሜ ስፈራ፣ ለጎረቤት አፍ ስፈራ፣ ሞት በሌላ በር ገባ።

ዘርጋው፦ ውሃ ላምጣልዎት።

ደብሪቱ፦ አትሂድ፣ እዚሁ ቁም። አሁን ሁሉም ተገጣጠመልኝ። ወንድሜ ለምን እያጎረሰ እንዳበላኝ። እኔም እኮ ለዘመድ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ «ማታ በደንብ አብሏት፣ ከነገ ጀምሮ እህል አትቀምስም» እላለሁ። ቄሱ፣ ሹክሹክታው። እነ አጸደ ዓይኔን የሸሹት ጠልተውኝ አይደለም። ነገ በማለዳ የሚሄዱበት ቤት የእኔ ቤት ስለሆነ ነው። ታዲያ እኔን ለራሴ መርዶ እንዴት ይጥሩኝ?

ዘርጋው፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። «አምስት ተኩል» ስል ሳላስብ ወጣ። ቀድሜ በዓይኔ ጨርሼው ቢሆን ኖሮ አንድም ቃል ባላሰማሁዎት። እኔ ማን ሆኜ ነው የሰው መርዶ የምነግረው?

ደብሪቱ፦ የአንተንስ ማን ነገረህ?

ዘርጋው፦ የእኔን ምን?

ደብሪቱ፦ ኩባ፣ መኝታ ቤት ውስጥ። ልጅ በናፍቆት ብቻ በር እስኪበረገድ አይጮህም። ማን ሞቶብህ ነው?

ዘርጋው፦ ወላጅ እናቴ። አጎቴ ደብዳቤ ጻፈ። ከሞተች አሥራ አንድ ወር አልፏት ነበር። ደብዳቤው ሲደርስ ለቁርስ ተሰልፈን ነበር፣ ሰልፉ ላይ ከፍቼ አነበብኩት። ትሪዬን ይዤ እስከ መጨረሻው ተሰለፍኩ። በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው መኝታ ቤት ሄጄ የጮህኩት። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ሞግዚቷም ክፉ አልነበረችም፣ አላወቀችም። ለእሷ ጫጫታ ነው።

ደብሪቱ፦ ከዚያ ወዲህስ አለቀስክላት?

ዘርጋው፦ አልወጣልኝም። እዚህ ተመልሼ መቃብሯ ድረስ ሄጃለሁ፣ አልወጣልኝም።

ደብሪቱ፦ አየህ? በወረቀት የተረዳ ሰው እንደዚህ ነው የሚሆነው። እኔ ይህን ሃያ ዓመት ሳየው ኖሬአለሁ። አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ የባሏን ሞት ሰማች፤ እስከ ዛሬ ታክሲ ሲያልፍ ትቆማለች። ሰው መንገድ ላይ አይረዳም፣ ሰው በወረቀት አይረዳም። የልጄም መርዶ በፖሊስ ወረቀት አይነገርም። ሰባት ሰው መጥቶ የሚያረዳለት ነው ልጄ። ስለዚህ አሁን አልጮህም።

ዘርጋው፦ ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?

ደብሪቱ፦ ቤቴ እሄዳለሁ። ወረቀቱን አንተ ጋ አስቀምጠው፤ ይዤው ከገባሁ ያውቁብኛል። ወንድሜ ዛሬም «ብዪ» ይለኛል። እበላለታለሁ። ለአርባ ዓመት ለፋሲካ እንኳ ለምኜው ያልመጣ ሰውዬ፣ ለዚህ ቃል ብሎ ጋቢውን ለብሶ ተራራ አቋርጦ መጥቷል። ለቀባሪው አረዱት እንዲሆንበት አልፈልግም።

ዘርጋው፦ አንድ ሌሊት ሙሉ ይህን በሆድዎ ይዘው? እንዴት ይችሉታል?

ደብሪቱ፦ አልችለውም። እየፈራሁ ነው እኮ የማወራህ። ግን አንተ «ሞተ» አላልከኝም። አላልክም፣ አይደል?

ዘርጋው፦ አላልኩም።

ደብሪቱ፦ ማንም አላለኝም። እስኪነጋ ድረስ ልጄ ሞሮኮ ነው። ባሕሩ ዳር ቁጭ ብሎ የወዲያ ማዶውን መብራት እያየ ነው። ይቺን አንድ ሌሊት አትንጠቁኝ።

ዘርጋው፦ እሺ። ደረጃውን ግን ልያዝዎት። እስከ ቤትዎም ልሸኝዎት።

ደብሪቱ፦ እስከ ታክሲው ብቻ። ከዚያ ወዲያ የማላውቅህ ሰው ነህ። ነጠላዬ እንዴት ነው? ሳላውቀው ለሐዘን አዘቅዝቄው እንዳይሆን።

ዘርጋው፦ እንደ ወትሮው ነው። ጥለቱ ወደ ታች ነው።

ደብሪቱ፦ ነገ ረፋድ ላይ ለምንትዋብ ደውልልኝ፤ ቁጥሯ ወረቀቱ ላይ አለ። «እናትሽ ተረድታለች፣ ከእንግዲህ ዝም አትበያት» በላት። አብረን እናልቅስ። አንተም ና። ለቅሶ ቤት ለእናቱ ያላለቀሰ ሰው ቦታ አያጣም። የእኔን ጩኸት ጫጫታ ነው ብሎ የሚከስ ጎረቤት የለም።

ዘርጋው፦ እመጣለሁ። በስንት ሰዓት ልምጣ?

ደብሪቱ፦ በእኛ አሥራ አንድ ተኩል። ከፊት የምትሄደው አጸደ ናት፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ሁሉን ታውቃለች፣ ውሃ መያዝ ብቻ ሁልጊዜ ትረሳለች። አንድ ጆግ ቀድቼ በሩ ሥር አስቀምጬላት አድራለሁ፣ መቀርቀሪያውንም አልዘጋም።